ማኑዋሉ ባይኖርም ማሽኑ አለ

የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሥራ ለመጀመር አስባችኋል፤ የአዲስ ፕሪንተር ዋጋ ግን የሚቀመስ አልሆነም። እየዞራችሁ ስታጠያይቁ ከአንድ ቢሮ የወጣ፣ አቧራ የጠገበ ሌዘር ፕሪንተር በርካሽ ተገኘ። ካርቶን የለውም፣ ሲዲ የለውም፣ ማኑዋል የለውም። ሻጩን ብትጠይቁት “ድሮ ይሠራ ነበር” ከማለት ያለፈ አያውቅም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ “እኔ ምኑን አውቄው!” ብሎ ይመለሳል። እናንተ አትመለሱ።

በመጀመሪያ ሶኬት ላይ ሳትሰኩት ዞር አድርጉትና ጀርባው ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ አንብቡ። የሞዴሉ ስምና የሚፈልገው ቮልቴጅ እዚያ አለ። የእኛ አገር መብራት 220 ቮልት ነው። ዘመድ ከአሜሪካ ያመጣው ሌዘር ፕሪንተር ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚቀበለው ከ110 እስከ 127 ቮልት ብቻ ነው። የላፕቶፕ ቻርጀር የትም አገር ስለሚሠራ ፕሪንተሩም እንደዚያው ይመስለናል። አይደለም። ውስጡ ቶነር የሚባለውን የቀለም ዱቄት ወረቀት ላይ አቅልጦ የሚያጣብቅ ፊውዘር የሚባል ማሞቂያ አለ፤ እሱ የተሠራው ለአንድ ዓይነት ቮልቴጅ ነው። 220 ላይ ከተሰካ የደከማችሁበት ገንዘብ በጭስ ያልቃል። ትራንስፎርመር ስትገዙም የማሞቂያውን ጉልበት የሚችል ይሁን፤ ለሬዲዮ የሚሆነው ትንሹ አይበቃውም። ባለሙያ የምንለው ሰው ከመንካቱ በፊት የሚያነብ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ማኑዋል የሚነግራችሁ የቱ ቁልፍ ምን እንደሚሠራ ነው። የማሽኑ አሠራር ከገባችሁ ግን ቁልፉን ራሳችሁ ታገኙታላችሁ። አሠራሩ የተጀመረው እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 22 ቀን 1938 ኒው ዮርክ ውስጥ አስቶሪያ በሚባል ሰፈር፣ የፎቶ ኮፒን ዘዴ የፈለሰፈው ቼስተር ካርልሰን ከረዳቱ ከኦቶ ኮርናይ ጋር በአንዲት የኪራይ ክፍል ውስጥ ሥራ ላይ ነበር። ድኝ የተቀባ የዚንክ ሰሌዳ በመሐረብ አሽተው ኤሌክትሪክ አስያዙት፤ ቀኑና የሰፈሩ ስም በተጻፈበት መስታወት በኩል ብርሃን አበሩበት፤ ደቃቅ ዱቄት ሲነሰንሱበት ጽሑፉ ታየ። ዱቄቱን በሰም ወረቀት አንሥተው አሞቁት፤ ጽሑፉ ወረቀቱ ላይ ቀረ። ለዚህ ሥራ ማኑዋል የጻፈ ሰው አልነበረም፤ ነገሩ ራሱ ከዚያ በፊት አልነበረማ! ካርልሰን ከዚያም በኋላ ለዓመታት ከኩባንያ ኩባንያ እየዞረ እምቢ ተብሏል፤ እሱ ግን አልተወውም።

ፊታችሁ ያለው አሮጌ ፕሪንተር የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ድራም የሚባለውን ሲሊንደር ኤሌክትሪክ ያስይዘዋል፣ በሌዘር ብርሃን ይጽፍበታል፣ ቶነር ያለብሰዋል፣ ወረቀት ላይ አሳርፎ ያሞቀዋል። ይህን ካወቃችሁ ጉድለቱን ከገጹ ላይ ማንበብ ትችላላችሁ። ጽሑፉ በጣት ሲነካ የሚለቅ ከሆነ ማሞቂያውን ጠርጥሩ። አንድ ዓይነት ነጥብ ገጹ ላይ ከላይ እስከ ታች እየተደጋገመ ከወጣ ማስመሪያ አምጡና በነጥቦቹ መካከል ያለውን ርቀት ለኩ። በብዙዎቹ ትንንሽ ሌዘሮች ውስጥ ያለው ድራም 24 ሚሊ ሜትር ዲያሜትር አለው፤ አንድ ጊዜ ሲዞር 75 ሚሊ ሜትር ያህል ይሸፍናል። ማስመሪያው 75 ካለ ጉድለቱ ያለው ድራሙ ላይ ነው፤ ድራሙ ደግሞ በአብዛኛው ቶነሩን በያዘው ካርትሪጅ ውስጥ ስለሆነ ካርትሪጅ በመቀየር ይስተካከላል። አንዲት የተማሪ ማስመሪያ ይህን ሁሉ ትናገራለች! እኔን ዛሬም ድረስ የሚያስደስተኝ ይህ ነው።

ወረቀት አልስብ ካለም ቶሎ አትፍረዱበት። ወረቀት የምትስበው ጎማ ስታረጅ ትጠነክርና ታብረቀርቃለች፤ ወረቀቱ ላይ ትንሸራተታለች። ከመብራት ነቅላችሁ፣ ጥቂት ውኃ በነካ ንጹሕ ጨርቅ ጥረጓት።

ከሁሉ አብልጬ የምወደው ግን ፕሪንተሩን ብቻውን መጠየቅ ነው። የኮምፒውተሩን ገመድ ንቀሉና የራሱን የሙከራ ገጽ እንዲያወጣ አድርጉት። ኤፕሰን ኤልኤክስ-300ን በመሰሉ ሪባን ባላቸው ፕሪንተሮች ላይ ወረቀት የሚያሳልፈውን ቁልፍ ተጭኖ ይዞ ማብራት ይበቃል። ብዙ ትንንሽ ሌዘሮች ላይ ደግሞ ሞቆ ከተዘጋጀ በኋላ ፊቱ ላይ ያለችውን ቁልፍ መጫን ነው። ገጹ አምሮ ከወጣ ጎማውም፣ ቶነሩም፣ ማሞቂያውም ደህና ናቸው፤ የሚቀራችሁ በአብዛኛው ገመዱና ኮምፒውተሩ ነው። ጭንቀታችሁ ባንዴ በግማሽ ቀነሰ!

ይህን ልማድ ከፕሪንተሩ አልፋችሁ ውሰዱት። “ሥራዬ አልሄደልኝም”፣ “ትምህርት አይገባኝም” የሚል ሰው ሁሉንም አንድ ላይ አስሮ ነው የተሸከመው። ፍቱት። ደንበኛ ሱቃችሁን አያውቀውም፣ ወይስ መጥቶ ዕቃውን አይቶ ነው የሚመለሰው? ያልገባችሁ ሒሳቡ ነው፣ ወይስ ጥያቄው የተጻፈበት እንግሊዝኛ? የሚሠራውን ስትለዩ የቀረው ሥራ ትንሽ ይሆናል፤ ለትንሽ ሥራ ደግሞ አቅም አላችሁ።

ወደ ፕሪንተሩ ልመለስ። ኮምፒውተሩን ከፕሪንተሩ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም፣ ማለትም ድራይቨሩ፣ ጠፋ ብላችሁም እጅ አትስጡ። ኤችፒ እ.ኤ.አ. በ1984 የመጀመሪያውን ሌዘርጄት ሲያወጣ ፒሲኤል የሚባል የማተሚያ ቋንቋ ይዞ ነበር የመጣው፤ ከዚያ ወዲህ የወጡ በርካታ ፕሪንተሮች፣ የሌሎች ኩባንያዎችም ጭምር፣ ይህን ቋንቋ ይሰማሉ። ስለዚህ የራሱ ድራይቨር ያልተገኘለት ፕሪንተር እ.ኤ.አ. በ1992 በወጣው በሌዘርጄት 4 ድራይቨር ሊያትም ይችላል፤ ሞክሩት። ሌዘርጄት 1018 እና 1020 ግን ከዚህ ይለያሉ። ፊታቸው ላይ ቁልፍ የላቸውም፤ በበሩ ቁጥር የሚሠሩበትን ፕሮግራም የሚቀበሉት ከኮምፒውተሩ ነው። ዝም ቢሉ ሞቱ አትበሉ፤ የራሳቸውን ድራይቨር ፈልጉላቸው።

በመሥሪያ ቤታችሁ ወይም በልጆቻችሁ ትምህርት ቤት መጋዘን ውስጥ እንዲህ ያለ የተረሳ ፕሪንተር አይጠፋም። ኃላፊውን አስፈቅዱና በዚህ ቅዳሜ አውጡት። የሞከራችሁትንና ያገኛችሁትን በአማርኛ ጻፉና ጎኑ ላይ ለጥፉለት፤ ከእናንተ በኋላ የሚመጣው ሰው ከዚያ ይጀምር።