ስለ ቍጡ ሹም፤ የሎርድ ካርዲጋን ታሪክ

አንባቢ ሆይ፤ ደፋር የሆነ ሰው ሁሉ ራሱን የሚገዛ እንዳይመስልህ፥ የእንግሊዙን ሹም የሎርድ ካርዲጋንን ታሪክ አስተውለህ ተመልከት። ዓመቱን በአውሮፓ አቈጣጠር እንጽፋለን።

ካርዲጋን በ1797 ከታላቅ ቤት ተወለደ። በአገሩ እስከ 1871 ድረስ የመኰንንነት ማዕርግ በገንዘብ ይገዛ ነበርና፥ ጦርነት ሳያይ በ1832 የፈረሰኛ ጦር አዛዥ ሆነ። ከበታቹ ካለ መኰንን ጋራ ተጣልቶ በጦር ፍርድ ቤት ከሰሰው፤ ተከሳሹ ነጻ ወጣ፥ ከሳሹም በ1834 ተሻረ። ይህ ተግሣጽ በበቃው ነበር፤ ነገር ግን በ1836 ሌላ ሹመት አገኘ፥ በ1840ም ከቀድሞ መኰንኑ ጋራ ተቀጣጥሮ በሽጉጥ ተታኵሶ አቈሰለው።

የዘመድ ጠቡ ግን ከዚህ ይብሳል። በክሪሚያ ጦርነት የፈረሰኞቹ ሁሉ የበላይ ሎርድ ሉካን የእኅቱ ባል ነበረ፤ ሁለቱም እጅግ ይጠላሉ። በጥቅምት (ኦክቶበር) 25 ቀን 1854 በባላክላቫ ካፒቴን ኖላን ከጠቅላይ አዛዡ ግልጥ ያልሆነ ትእዛዝ አመጣላቸው። የሚዋደዱ አማቾች ቢሆኑ ኖሮ ቆመው በተመካከሩበት ነበር፤ እነርሱ ግን በጥቂት ቀዝቃዛ ቃል ተለያዩ። 670 ያህል ፈረሰኞች ወደ ሩስያ መድፍ ጋለቡ፥ 110 ያህሉ ሞቱ።

ካርዲጋን ከሁሉ ቀድሞ መድፉ ዘንድ ደረሰ፤ ድፍረቱን የሚክድ የለም። በደኅና በተመለሰ ጊዜ ግን ስለ ሞቱት ሰዎች አልተናገረም። ኖላን በፊቴ ጋልቦ አለፈኝ ብሎ ለጄኔራል ስካርሌት በቍጣ ከሰሰ። ኖላን ግን ገና በግልቢያው መጀመሪያ በመድፍ ፍንጣሪ ተመትቶ ሞቶ ነበር።