ካርቦን ዳይኦክሳይድን በኢንዛይምና በኤሌክትሪክ ወደ ጠቃሚ ነገር ስለ መለወጥ

ሰውና ከብት ሲተነፍሱ፥ እንጨትና ከሰልም ሲነዱ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚባል አየር ይወጣል። ይህ አየር ከነፋሱ 10000 እጅ ከ4 እጅ እምብዛም አይበልጥም፤ ነገር ግን የእህልና የሣር ሁሉ ሕይወት በእርሱ ነው። ቅጠል በፀሐይ ብርሃን ኃይል ከውሃ ጋራ አዋሕዶ ስኳር ያደርገዋልና። ሊቃውንትም ይህን የቅጠል ሥራ በጥበብ ለመሥራት ይደክማሉ።

ኢንዛይም ማለት በሕያው ፍጥረት ውስጥ የሚገኝ፥ ራሱ ሳያልቅ ሌላውን ነገር ፈጥኖ እንዲለወጥ የሚያደርግ ነው። ብቅል የእህሉን ዱቄት የሚያጣፍጠው፥ የጠላም ጥንስስ የሚፈላው በኢንዛይም ነው። ኤሌክትሮድ ማለት ደግሞ ኤሌክትሪክ ወደ ውሁዱ የሚገባበትና የሚወጣበት ዘንግ ነው።

እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2008 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በኬምብሪጅ ከተማ ጁዲ ሂርስት የተባሉ ሊቅ ከባልደረቦቻቸው ጋራ ፎርሜት ዲሃይድሮጂኔዝ የሚባለውን ኢንዛይም በዓይን ከማይታይ ረቂቅ ሕያው አውጥተው በኤሌክትሮድ ላይ አሳደሩት። ኤሌክትሪክ በደረሰው ጊዜም በውሃ ውስጥ የሟሟውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ፥ ብዙ ኃይል ሳያባክን፥ ወደ ፎርሜት ለወጠው። ፎርሜት የፎርሚክ አሲድ ጨው ነው። ይህም አሲድ ቆዳ ለማልፋት ይጠቅማል፤ በኖርዌይና በፊንላንድም ገበሬዎች እርጥብ ሣር አፍነው ሲከምሩ ይረጩበታል፤ ሣሩም ሳይበሰብስ ግጦሽ እስከሚጠፋበት ወራት ይቆያል።

ሆኖም ሥራው ገና ከቤተ ሙከራ ወጥቶ ለገበሬ አልደረሰም። ምክንያቱም ሁለት ነው። አንደኛ፥ ኢንዛይሙ ቶሎ ይደክማል፤ የዚህ ዐይነቱን ብዙውን በነፋስ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ያበላሸዋል። ሁለተኛ፥ ኤሌክትሪኩ ከሰል በማንደድ የተገኘ እንደ ሆነ፥ የሚወጣው ጢስ ከተለወጠው አየር ሊበልጥ ይችላል፤ ስለዚህ ኃይሉ ከውሃ፥ ከፀሐይ ወይም ከነፋስ መገኘት አለበት።

እንግዲህ ጢስን ዛሬውኑ ወደ ገንዘብ የሚለውጥ መሣሪያ አለኝ የሚል ነጋዴ ቢመጣ፥ አስተዋይ ሹም አስቀድሞ ሦስት ነገር ይጠይቀዋል፦ ኢንዛይሙ ስንት ቀን ይሠራል፤ ኤሌክትሪኩ ከወዴት ይመጣል፤ የሚገኘው አሲድ በገበያ ከሚሸጠው ይረክሳልን? መልሱ በሥራ እስኪታይ ድረስ የሕዝቡን ገንዘብ አያወጣም። እስከዚያው ግን ያለ ደመወዝ ይህን አየር የሚለውጠው ሠራተኛ ቅጠል ነውና፥ ደን የጠበቀና ግጦሹን ያሳረፈ ሹም ከሁሉ ቀድሞ ተጠቃሚ ነው።