ከፎቶው ጀርባ

ልጄ፣

ባለፈው እሑድ ደውለህ «ጋሼ፣ ከአሮጌ ዕቃ ገበያ አንድ ካርቶን ሙሉ የድሮ ባቡር ፎቶ በአሥር ፓውንድ ገዛሁ» ስትለኝ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ይህ በሽታ በደም የሚተላለፍ አይመስለኝም ነበር። እንደምታውቀው እዚህ ባዝ ከተማ በወር አንድ ቅዳሜ ከእኔ ቢጤ ሽማግሌዎች ጋር በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ተሰብስበን፣ ሻያችንን ይዘን፣ ፎቶ ጠረጴዛው ላይ ዘርግተን ስለ እንግሊዝ ባቡር ስንከራከር እንውላለን። ልምጣ ብለሃል፤ ና። ከመምጣትህ በፊት ግን ይህችን አንብብ። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የጻፍኩልህ፤ እዚያ አዳራሽ ውስጥ ሌላ አቆጣጠር አይሠራም።

1. ከመናገርህ በፊት ማጉያ መነጽር አንሣ።

እኔ በመጀመሪያው ዓመቴ ያዋረድኩት ራሴን ነው። የዚህችው የባዝ ከተማ የግሪን ፓርክ ጣቢያ ፎቶ ነበር፤ ባቡሩ ቆሞ እንፋሎት ይተፋል፣ ሰው ሁሉ ባርኔጣ አድርጓል። ባርኔጣውን አይቼ «ይሄማ ከጦርነቱ በፊት ነው» አልኩ፤ ያውም ጮክ ብዬ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። አጠገቤ የተቀመጡት ጡረተኛ የባቡር ሠራተኛ ምንም ሳይሉ ማጉያቸውን አቀበሉኝ። ከሎኮሞቲቩ ኋላ ያለውን የከሰልና የውሃ ፉርጎ ሳየው፣ በጎኑ ላይ ጎማ ላይ የቆመ አንበሳ ተስሏል።

ያ አንበሳ የመንግሥት አርማ ነው። የእንግሊዝ ባቡር ከ1923 ጀምሮ በአራት ትልልቅ ኩባንያዎች እጅ ነበር፤ መንግሥት የወረሰው ጥር 1 ቀን 1948 ነው። ጎማ ላይ የቆመው አንበሳ ከዚያ በኋላ መጣ፤ በ1956 ደግሞ ጎማውን በእጁ በያዘ ሌላ አንበሳ ተተካ። እንግዲህ ባርኔጣው ሲዋሽ አንበሳው እውነቱን ተናገረ ማለት ነው። ማንም አልሳቀብኝም። ሻይ ቀዱልኝ።

2. ቁጥር ማንበብ ተማር።

ከፎቶ ላይ ዘመን የሚነገረው በአብዛኛው በቁጥር ነው። መንግሥት ባቡሩን ሲወርስ አራቱ ኩባንያዎች ተመሳሳይ ቁጥሮች ስለነበሯቸው እንዳይምታታ በየቁጥሩ ላይ ጨመረበት፤ የሳውዘርን ከሆነ 30000፣ የኤል ኤም ኤስ ከሆነ 40000፣ የኤል ኤን ኢ አር ከሆነ 60000። የግሬት ዌስተርን ብቻ እንደነበረ ቀረ፤ የእነሱ ቁጥር ተቀልጦ የተሠራ የብረት ሰሌዳ ነበርና። «ማላርድ» የተባለችውን ውሰድ። ሐምሌ 3 ቀን 1938 በሰዓት 126 ማይል፣ ማለትም ወደ 203 ኪሎ ሜትር በርራ የእንፋሎትን የዓለም ክብረ ወሰን ስትይዝ ቁጥሯ 4468 ነበር። በ1946 ወደ 22 ተቀየረ። መንግሥት ከወረሳት በኋላ 60022 ሆነች። አንዲት ሎኮሞቲቭ፣ ሦስት ቁጥር። ዛሬ ዮርክ ባለው ብሔራዊ የባቡር ሙዚየም ቆማለች፤ አንድ ቀን ወስጄ አሳይሃለሁ።

ነገር ግን ቀለም የሚቀባው ሎኮሞቲቩ ለጥገና ሲገባ ስለነበር፣ ከ1948 በኋላም የድሮ ቁጥራቸውን ይዘው የሚሮጡ ሞልተው ነበር። ስለዚህ አዲስ ቁጥር ካየህ «ከዚህ በፊት አይደለም» በል፤ የድሮ ቁጥር ካየህ ግን አትቸኩል።

ከቁጥሩ ቀጥሎ መብራቶቹን ተመልከት። በሎኮሞቲቩ ግንባር ላይ የሚሰቀሉት ፋኖሶች መንገድ ለማብራት አልነበሩም፤ ባቡሩ ምን ዓይነት እንደሆነ ለምልክት ጠባቂዎች ይነግሩ ነበር። ከሁለቱ መጋጫዎች በላይ አንድ አንድ ከተሰቀለ ፈጣን የመንገደኛ ባቡር ነው። ከጭስ ማውጫው ፊት አንድ ብቻ ከሆነ በየጣቢያው የሚቆም። ሳውዘርኖች ግን ነጭ ክብ ሳህን እየሰቀሉ ባቡሩ የሚሄድበትን መስመር ያመለክቱ ነበር፤ አንዱን ከሌላው እንዳታምታታ። ከፊት በሩ ሥር ትንሽ ሞላላ ሰሌዳ ታያለህ፤ ሎኮሞቲቩ የሚያድርበት ቤት መለያ ናት። 34A ከሆነ የለንደኑ ኪንግስ ክሮስ ነው። በነጂው ክፍል ጎን ላይ ሰያፍ ቢጫ መስመር ከተሰመረ ደግሞ 1964 ወይም ከዚያ ወዲህ ነው፤ ክሩ ከምትባለው ከተማ በስተደቡብ በኤሌክትሪክ ሽቦ ሥር እንዳይገባ የተከለከለ ማለት ነው። ሁለት ቀስቶች ያሉበት አርማ ካየህ ከ1965 ወዲህ ነው፤ እሱንማ ዛሬም ሥራ ስትሄድ በየጣቢያው በር ላይ ታየዋለህ።

3. በቀለም አትማል።

የጥንቱ ፊልም ቀይ ቀለም አያይም ነበር። ስለዚህ ደማቅ ቀይ የነበረው ሎኮሞቲቭ በፎቶው ላይ ጥቁር ሆኖ ይወጣል። ፋብሪካዎቹም ያታልሉሃል፤ አዲስ ሎኮሞቲቭ ሲወጣ ዝርዝሩ ጎልቶ እንዲታይ ለፎቶ ብለው ግራጫ ይቀቡትና፣ ፎቶውን ካነሡ በኋላ ከጀርባው ያለውን ሁሉ በብሩሽ ያጠፉታል። በሕይወቱ አንድ ቀን ብቻ ግራጫ የነበረ ባቡር «ቀለሙ ግራጫ ነበር» ተብሎ ሲሞገትለት ሰምቻለሁ። ባለቀለም ስላይድ ከሆነ ኮዳክሮም ቀለሙን ጠብቆ ይቆያል፤ ሌሎቹ ግን ብዙዎቹ ወደ ሮዝ ወይም ወደ ሰማያዊ ያደላሉ። አሮጌ ፊልም ያቀላውን ፎቶ አይተህ «የማታ ፀሐይ ነው» እንዳትል።

4. የእንግሊዝ ባቡር ግራውን ይዞ ነው የሚሄደው። ጥንድ ሐዲድ ላይ ቀኙን ይዞ ካየኸው ኔጋቲቩ ተገልብጦ ታጥቦ እንደሆነ ጠርጥር፤ ጽሑፍ ካለበትም ተገልብጦ እንደሆነ ተመልከት።

5. ፎቶውን ያነሣውን ሰው አክብር።

ዛሬ አንተ በስልክህ በአንድ ደቂቃ ሠላሳ ታነሣለህ። ያኔ ሰውየው የመስታወት ኔጋቲቭ ተሸክሞ ኮረብታ ወጥቶ፣ ዝናብ ላይ ሦስት ሰዓት ቆሞ፣ አንዴ ተጭኖ ይመለሳል። ፀሐይዋ ደመና ከገባች ቀኑ ባከነ። የሚመርጡት ብርዳማ ጠዋትና አቀበት ነበር፤ በብርድ እንፋሎቱ ነጭ ሆኖ ይቆለላል፣ በአቀበት ደግሞ ሎኮሞቲቩ እያቃሰተ ስለሚወጣ ጭሱም ይበዛል፣ ፍጥነቱም ይቀንሳል።

ኤሪክ ትሬሲ የሚባሉ የዌክፊልድ ጳጳስ ነበሩ፤ ካሜራቸውን ይዘው በየሐዲዱ ዳር የሚቆሙ ጳጳስ! ጡረታ ከወጡ በኋላ በ1978 አፕልቢ ጣቢያ የእንፋሎት ባቡር ለማንሣት ሲጠብቁ እዚያው ሞቱ። የዚህችው የባዝ ሰው አይቮ ፒተርስ ደግሞ ከዚህ ወደ ደቡብ የሚወርደውን የሶመርሴትና ዶርሴት መስመር እስኪዘጋ ድረስ ሲያነሣ ኖረ። በአንዳንዱ ፎቶ ጥግ ላይ የገዛ ቤንትሊ መኪናውን አቁሞ ታገኘዋለህ። መስመሩ በመጋቢት 1966 ተዘጋ፤ እኔ አንበሳውን ያየሁበት ጣቢያም አብሮ። ጣሪያው እስከ ዛሬ አለ፤ ሥሩ ገበያ ሆኗል።

ስለዚህ ፎቶ ስታሳይ የአንሺውን ስም አብረህ ተናገር። ከጀርባው ማኅተም ካለ አትፋቀው፣ አትሸፍነው። ለማሳተም ካሰብክ ደግሞ በዚህ አገር ሕግ የአንሺው መብት ከሞቱ በኋላ 70 ዓመት እንደሚቆይ አትርሳ። ኅትመቱን ገዛህ እንጂ መብቱን አልገዛህም።

6. ከሎኮሞቲቩ ላይ ዓይንህን አንሣ።

ይህን ለመማር ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል፤ ባልደረቦቼም እስካሁን ያልተማሩ አሉ። ጥጉን ተመልከት። የወተት ጋኑን፣ የማስታወቂያ ሰሌዳውን፣ ጋሪ የምትገፋውን ሴት፣ ደብተር ይዞ ቁጥር የሚመዘግበውን ልጅ። ኢያን አላን በ1942 የሎኮሞቲቭ ቁጥሮችን የያዘች ትንሽ መጽሐፍ ካሳተመ ወዲህ እንዲህ ያሉ ልጆች በየጣቢያው እንደ አሸን ፈሉ፤ ዛሬ ከእኔ ጋር ሻይ የሚጠጡት ሽማግሌዎች እነሱው ናቸው። የጣቢያ ስም የሌለው ፎቶ ካየህም አንሺው ረስቶ ላይሆን ይችላል፤ በ1940 የጀርመን ጦር ቢገባ መንገድ እንዳያውቅ ተብሎ የስም ሰሌዳዎቹ ተነቅለው ነበር።

በ1963 ዶክተር ቢቺንግ ያወጣው ዘገባ 2,363 ጣቢያዎች ይዘጉ አለ። ከዚያ ወዲህ በብዙ መንደር ሐዲዱም ሕንፃውም ጠፍቶ የቀረው ፎቶ ብቻ ነው። አንድ ጊዜ አንዲት አሮጊት ወደ ጠረጴዛችን መጡ። ስለ ባቡር ምንም አያውቁም። ፎቶዎቹን አንድ በአንድ እያገላበጡ አንዱ ላይ ቆሙ፤ በላዩ ያለው ሎኮሞቲቭ ደግሞ ማንም ደንታ የማይሰጠው ተራ ዕቃ ጎታች። ከኋላው በትንሹ የሚታየው የሻንጣ ተሸካሚ አባታቸው ነበሩ። እኛ በዚያ ፎቶ ላይ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ስለ ጭስ ማውጫው ቅርጽ ስንጨቃጨቅ ቆይተናል።

እኔም የራሴ ፍለጋ አለኝ። ጃንሆይ በስደት ሲመጡ ሰኔ 3 ቀን 1936 ሳውዝሃምፕተን ወርደው በባቡር ነው ለንደን ዋተርሉ የገቡት፤ ከዚያ እዚሁ ባዝ ፌርፊልድ ቤት ተቀመጡ። የዚያን ሰሞን የዋተርሉ ፎቶ በእጄ በገባ ቁጥር ጓደኞቼ ቁጥሩን ሲያነቡ እኔ መሳፈሪያው ላይ የቆመውን ሰው ነው የምቃኘው።

7. ሰው ሲሳሳት «ተሳስተሃል» አትበል። «ይቺን አንበሳ እንዴት ታያታለህ?» በል። የተሳሳትከው አንተ ከሆንክ አመስግንና ሻይህን ጠጣ።

8. «ምን ይጠቅማል?» ለሚልህ ባሪን ንገረው።

የመንግሥት ባቡር በዋናው መስመር ያስኬደው የመጨረሻው የእንፋሎት መንገደኛ ባቡር ነሐሴ 11 ቀን 1968 ከሊቨርፑል ካርላይል ደርሶ ተመለሰ፤ ቲኬቱ 15 ጊኒ ነበር። ሎኮሞቲቮቹ ግን ከዚያ በፊት ጀምሮ ለቁራጭ ብረት ተሸጠው ነበር። በደቡብ ዌልስ፣ ባሪ በምትባል የወደብ ከተማ፣ የዉድሃም ወንድማማቾች 297 ገዝተው፣ ፉርጎ መቁረጥ ስለቀለላቸው ሎኮሞቲቮቹን ለዓመታት አቆዩአቸው። የባቡር ወዳጆች ገንዘብ አዋጥተው 213ቱን አወጧቸው። ግን የወጣው ዝገት ነው፤ ቧንቧው የተነቀለ፣ ናሱ የተሰረቀ። የትኛው ቧንቧ በየት በኩል እንደሚያልፍ ለማወቅ ሠሪዎቹ ከንድፉ ጋር የድሮ ፎቶ በማጉያ ያዩ ነበር። ያኔ ማንም ደንታ ያልሰጠው የጎን ፎቶ ከሚያምረው የፊት ፎቶ በለጠ።

9. ካርቶንህን ከጣሪያ ሥርም ከምድር ቤትም አታስቀምጥ፤ አንዱ ያነድደዋል፣ ሌላው ያሻግተዋል። ፕላስተር አትለጥፍበት። የመስታወት ኔጋቲቭ ካለህ አትደራርበው፣ በጠርዙ አቁመው። በጀርባው ስትጽፍ በእስክርቢቶ አይሁን፤ በለስላሳ እርሳስ፣ ጠርዙ ላይ፣ ሳትጫን። ቦታውን፣ ቀኑን፣ ያነሣውን ጻፍ። እርግጠኛ ያልሆንከው ላይ የጥያቄ ምልክት አድርግ።

አያትህ ድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ ሲሠሩ የተነሡት አሥራ አንድ ፎቶ እኔ ዘንድ ነው። የእንግሊዙን ባቡር ቁጥር በቃሌ የማውቀው ሰውዬ የአባቴን ፎቶ ገልብጬ ሳይ ጀርባው ባዶ ነው። በአንደኛው ላይ በቀኝና በግራቸው የቆሙትን ሁለት ሰዎች ስም አላውቅም። እናትህ ከእኔ ትበልጣለች፣ ታስታውስ ይሆናል። ፎቶውን ዛሬ ማታ እልክልሃለሁ፤ ሳትተኛ አሳያትና ጠይቅልኝ። ቅዳሜ ስትመጣ እርሳስህን እንዳትረሳ።