የመኪናው ዘይት ቱቦና ድንጋይ

ምጥ የያዛት እናት የጫነ ላንድክሩዘር በኮረኮንች መንገድ ሲነጥር አይተናል። ንጥረቱን የሚያበርደው በየጎማው አጠገብ ያለው ሾክ አብዞርበር የሚባል ቱቦ ነው። በውስጡ ዘይት አለ። ጎማው ከፍ ዝቅ ሲል ዘንጉ ቱቦው ውስጥ ይገባል፣ ይወጣል፤ ዘይቱም በጠባብ ቀዳዳ ተገፍቶ ስለሚያልፍ ንጥረቱ ይቀንሳል።

ታዲያ ጎማው የሚወረውረው ጠጠር ዘንጉን ይጭረዋል። ጭረቷ ትንሽ ናት ብለን አንናቃት። ዘንጉ በወጣ በገባ ቁጥር ዘይቱን የሚያግደውን የላስቲክ ቀለበት እንደ ሞረድ ትበላዋለች። ዘይቱ ይፈሳል፤ መኪናው እንደ ደንባራ በቅሎ ይዘላል። ቱቦው በዘይት ርሶ አቧራ ከለበሰ ነገሩ ተጀምሯል ማለት ነው።

ጠጠሩ በሚመጣበት በኩል የብረት ከለላ ወይም ወፍራም የላስቲክ ቁራጭ ይደረጋል። ጥብቅ አድርጎ መጠቅለል ግን አይገባም። ቱቦው ሲሠራ ይግላል፣ አየር ይፈልጋል፤ ጭቃም ይቋጥራል።

እኛስ? መኪና ጭቃ ሲይዘው ከጎማው ሥር ድንጋይ እንጨምራለን፤ ሲወጣ እዚያው ትተነው እንሄዳለን። አድርገነዋል እኮ! ያ ድንጋይ የሚቀጥለውን መኪና ቱቦ ከታች ይመታዋል። አንስተን ከመንገዱ ዳር እናድርገው፤ ማታ የሚመጣ ሾፌር አያየውም።