ዋይፋይ ሲጨናነቅ፦ የቻናልና የስፋት አመራረጥ

በዛሬው የትምህርት ዓምዳችን የምንመለከተው የዋይፋይ ማሰራጫዎችን የቻናል አመራረጥ ነው። ጉዳዩ የባለሙያ ብቻ ቢመስልም የሁላችንም ነው። በመጋቢት ወር 2010 ዓ.ም. በሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖች ከኢትዮጵያው ሞያሌ ወደ ኬንያው ሞያሌ ሲሻገሩ ቤተሰብ በድንበሩ ግራና ቀኝ ተከፍሎ ቀርቷል። ለስደተኛ ስልክ ማለት የእናት ድምፅ፣ የልጅ ትምህርትና የቀጠሮ መልእክት ነው። ድምፁ ሲቆራረጥ «ኔትወርኩ ደከመ» እንላለን፤ ብዙ ጊዜ ግን ችግሩ የማሰራጫዎቹ እርስ በርስ መጠላለፍ ነው።

ቻናል ምንድን ነው?

አጭር ሞገድ ራዲዮ የሚያዳምጥ ሰው ሁለት ጣቢያዎች ተጠጋግተው ሲያሰራጩ ድምፃቸው እንደሚደበላለቅ ያውቃል። ዋይፋይም ራዲዮ ነው። በ2.4 ጊጋሄርዝ ክልል በኬንያም ሆነ በሌሎች ብዙ አገሮች ከ1 እስከ 13 የተቆጠሩ ቻናሎች አሉ። በአንዱና በሚቀጥለው መካከል ያለው ርቀት 5 ሜጋሄርዝ ብቻ ሲሆን አንድ ማሰራጫ ግን 20 ሜጋሄርዝ ያህል ቦታ ይይዛል። ስለዚህ 13 ቁጥር ቢኖርም ሳይነካኩ ጎን ለጎን የሚሠሩት 3 ናቸው፤ እነርሱም 1፣ 6 እና 11 ናቸው።

«ጎረቤታችን በ6 ላይ ስለሆነ እኛ 4 እንያዝ» ማለት አይበጅም። በአንድ ቻናል ላይ ያሉ ማሰራጫዎች ይደማመጣሉ፤ አንዱ ሲናገር ሌላው ተራውን ይጠብቃል። በከፊል የተደራረቡት ግን አንዱ የሌላውን መልእክት ማንበብ ስለማይችል እንደ ጫጫታ ይረባበሻሉ። 12 እና 13ንም አንመክርም፤ ለአሜሪካ ገበያ የተዘጋጁ አንዳንድ ስልኮች አያዩአቸውም።

ስፋቱስ?

ስፋትን ከ20 ወደ 40 ሜጋሄርዝ ማሳደግ መንገድን እንደ ማስፋት ነው፤ ለአንድ ሰው ፍጥነቱ ወደ እጥፍ ይጠጋል። ነገር ግን ያው ጉልበት በሰፊ ቦታ ስለሚበተንና ማሰራጫው የሚሰበስበው ጫጫታም ስለሚጨምር በሩቅ ያለው ሰው ይጎዳል። በ2.4 ላይ 40 ከሦስቱ ነፃ ቦታዎች ሁለቱን ስለሚወስድ ጎረቤትን ያጨናንቃል። ስለዚህ በ2.4 ሁልጊዜ 20 እንጠቀም።

በ5 ጊጋሄርዝ ቦታው ሰፊ ነው፤ ሆኖም ሞገዱ በግድግዳ ሲያልፍ ይበልጥ ይዳከማል፤ አሮጌ ስልኮችም ላይቀበሉት ይችላሉ። ከ36 እስከ 48 ያሉት ቻናሎች በ20 ስፋት አራት፣ በ40 ሁለት፣ በ80 አንድ ቦታ ይሰጣሉ። ብዙ ማሰራጫ ባለበት ግቢ 20 ወይም 40 ይበቃል። ከ52 እስከ 64 እና ከ100 እስከ 140 ያሉት ከራዳር ጋር የሚጋሩ ናቸው፤ ማሰራጫው ከመጀመሩ በፊት ቢያንስ 1 ደቂቃ ያዳምጣል፤ ራዳር ከሰማም ቻናሉን ለቆ ይወጣል።

በተግባር እንዴት እንሥራ?

1. ሰው በሚበዛበት ሰዓት በስልክ ላይ በሚጫን የዋይፋይ መመልከቻ ፕሮግራም በዙሪያችን ያሉትን ማሰራጫዎች፣ ቻናላቸውንና ጉልበታቸውን በወረቀት እንመዝግብ።

2. የግቢውን ንድፍ ሠርተን ተጎራባቾችን 1፣ 6፣ 11 እያልን እናዳርስ። አንድ ዓይነት ቁጥር ያላቸው ይራራቁ።

3. የቆርቆሮ ግድግዳ ሞገድን ይመልሳል፤ የጭቃ ግድግዳ ግን እያዳከመ ያሳልፋል። በቆርቆሮ ቤት ውስጥ የተቀመጠ ማሰራጫ ውጭ ያለውን ሰው በደንብ ላያገለግል ይችላል።

4. የማሰራጫው የአገር ምርጫ «ኬንያ» ይሁን። ሞገድ ድንበር ባያውቅም ሕግ የሚሠራው ዕቃው በቆመበት አገር ነው።

5. አንድ ነገር ብቻ ቀይረን እንሞክር፤ ውጤቱን እንጻፍ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ቻናል ኢንተርኔትን አይጨምርም። ኮምፒዩተርን በገመድ አገናኝተን አሁንም ከዘገየ ችግሩ ያለው ከውጭ በሚገባው መስመር ላይ ነው።

የመለማመጃ ጥያቄዎች

ሀ. ጎረቤቶቻችን በ1 እና በ11 ላይ ናቸው። እኛ የትኛውን እንምረጥ?

ለ. 1፣ 6 እና 11 ሁሉም ተይዘዋል። በ1 ላይ ያለው ጉልበት −50፣ በ6 −62፣ በ11 −85 ነው። የትኛው ይሻላል?

መልስ፦ ሀ. 6። ለ. 11፤ ከዜሮ የራቀው ቁጥር ደካማውን ጎረቤት ያመለክታልና።

ውድ አንባቢያን፣ የሞገድ ክልል እንደ ውኃ ጉድጓድ የጋራ ነው። የጎረቤት ማሰራጫ ከረበሸን ከመጣላት ይልቅ ወረቀታችንን ይዘን እንነጋገር፤ ቁጥሩን በስምምነት ስንከፋፈል ሁላችንም ከቤተሰባችን ጋር ሳይቆራረጥ እናወራለን።