ነፋስና የኢታኖል እሳት፦ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ከፍታ ላይ የተመሠረተ ስሌት

ከቤንዚን ጋር የተቀላቀለ ኢታኖል በአዲስ አበባ መሸጥ የጀመረው በ2001 ዓ.ም. ሲሆን ማደባለቁም በሱሉልታ፣ በናይል ፔትሮሊየም ዴፖ ተጀመረ። የኢታኖሉ ድርሻ በመጀመሪያ 5 በመቶ ነበር፤ በ2003 ዓ.ም. ወደ 10 በመቶ ከፍ ብሏል። ምንጩ የስኳር ተረፈ ምርት የሆነው ሞላሰስ ነው፤ ቀዳሚው አቅራቢም የፊንጫኣ ስኳር ፋብሪካ ነበር። ከፊንጫኣ በአምቦና በሆለታ በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚያስገባው መንገድ ቡራዩን ያቋርጣል፤ የጅማው መንገድ በሰበታ፣ የጎጃሙ በሱሉልታ መካከል ያልፋል። ሦስቱም ከተሞች ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃልለዋል፤ ቤቶችም ወደ አውራ መንገዱ ዳር ተጠግተዋል። የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ጠባብ ነው፦ ከቦቴ የፈሰሰ ኢታኖል ቢቀጣጠል ነፋስ እሳቱን ምን ያደርገዋል? ለቤንዚንና ለባሕር ወለል አየር የተዘጋጁት መለኪያዎችስ እዚህ ይሠራሉ?

በቅድሚያ ከፍታውን እንመልከት። በ2,600 ሜትር ላይ የአየር ግፊት ወደ 74 ኪሎፓስካል ይወርዳል፤ በባሕር ወለል 101.3 ነው። በ15 ዲግሪ ሴልሺየስ የአየሩ እፍጋት በኪዩቢክ ሜትር 0.9 ኪሎግራም ገደማ ይሆናል። ኢታኖል በአየር ውስጥ ለመቀጣጠል እንፋሎቱ ቢያንስ የድብልቁን 3.3 በመቶ ያህል መያዝ አለበት። ግፊቱ ሲቀንስ ይህን ድርሻ ለመሙላት የሚያስፈልገው እንፋሎት ያንሳል፤ ስለዚህም ፈሳሹ በክብሪት ሊያያዝ የሚችልበት ዝቅተኛ ሙቀት ይወርዳል። በባሕር ወለል 13 ዲግሪ ገደማ የሆነው ይህ ሙቀት በተለመደው የግፊት ማስተካከያ (ለእያንዳንዱ ኪሎፓስካል ሩብ ዲግሪ) ሲሰላ እዚህ ወደ 6 ዲግሪ ይጠጋል። በሱሉልታ ሜዳ የበጋ ሌሊት ቅዝቃዜ ኢታኖልን «ያስተኛዋል» ብሎ መተማመን እንግዲህ አይቻልም። የተዘጋ ታንክ ጉዳይም አለ። በ20 ዲግሪ ሙቀት በታንክ ውስጥ ከፈሳሹ በላይ ባለው ክፍት ቦታ የኢታኖል እንፋሎት ድርሻ በዚህ ከፍታ 8 በመቶ ገደማ ይደርሳል። ይህም በሚቀጣጠልበት ክልል መካከል ነው፤ ቤንዚን ግን በተመሳሳይ ሙቀት እንፋሎቱ ከመጠን በላይ ስለሚበዛ በታንኩ ውስጥ አይቀጣጠልም። በቤንዚን ልምድ የሠለጠነ ሠራተኛ ይህን ልዩነት ላያውቀው ይችላል።

አሁን ወደ ነፋሱ። ነፋስ ሲመታው ነበልባል የሚያዘነብለው የአየሩ ፍጥነት ከእሳቱ የራሱ ሽቅብታ ጋር ስለሚፎካከር ነው። የሽቅብታው መለኪያ በተለመደው ቀመር የስበት ፍጥንጥነት፣ የቃጠሎ መጠንና የኩሬው ስፋት ተባዝተው በአየር እፍጋት ሲካፈሉ የሚገኘው ውጤት ኩብ ሥር ነው። የነፋሱ ፍጥነት ለዚህ መለኪያ ተካፍሎ ከ1 ከበለጠ፣ የዘንበልታው ማዕዘን ኮሳይን 1 ለዚያ ውጤት ካሬ ሥር ሲካፈል የሚገኘው ነው። ኢታኖል በካሬ ሜትር በሰከንድ 0.015 ኪሎግራም ገደማ ይቃጠላል፤ ቤንዚን በ1 ሜትር ስፋት ወደ 0.05 ይደርሳል። በእኛ አየር መለኪያው ለኢታኖል በሰከንድ 0.55 ሜትር፣ ለቤንዚን 0.82 ሜትር ይወጣል።

በሰከንድ 1 ሜትር በሚነፍስ ነፋስ፣ ማለትም ፊትን ዳሰስ አድርጎ በሚያልፍ ሽውታ፣ የቤንዚኑ ነበልባል ከቁም መስመር 25 ዲግሪ ገደማ ሲያዘነብል የኢታኖሉ 42 ዲግሪ ይደርሳል። በሰከንድ 3 ሜትር ግን ልዩነቱ ይጠብባል፤ ቤንዚን 58፣ ኢታኖል 65 ገደማ። ሳሰላው ያልጠበቅሁት ይህ ነበር፦ ሁለቱ ነዳጆች ይበልጥ የሚለያዩት በብርቱ ነፋስ ሳይሆን ሰው «ነፋስ የለም» በሚልበት ሰዓት ነው።

ይህ ማለት የኢታኖል እሳት በጠቅላላው ይብሳል ማለት አይደለም። በካሬ ሜትር የሚያወጣው ኃይል 0.4 ሜጋዋት ገደማ ሲሆን የቤንዚን ከ2 ይበልጣል። በጸጥታ አየር ከ1 ሜትር ኩሬ የሚነሣው የኢታኖል ነበልባል ቁመት 1.3 ሜትር፣ የቤንዚኑ 3.6 ሜትር አካባቢ ይገመታል፤ ስለዚህ ያነሰ ቢያዘነብልም ርቆ የሚደርሰው ቤንዚን ነው። የኢታኖል አደጋ ሌላ መልክ አለው። ጥቀርሻው ጥቂት በመሆኑ ነበልባሉ ፈዛዛ ሰማያዊ ነው፤ በቀትር ፀሐይ ለዓይን ይሰወራል፤ የሚያመነጨው ጨረር አነስተኛ ስለሆነም ቆዳ ቀድሞ አያስጠነቅቅም። ነፋሱ ይህን የማይታይ ነበልባል ወደ መሬት ሲያስተኛው ለመርዳት የቀረበ ሰው እግሩ ከገባበት በኋላ ነው የሚያውቀው።

ነፋስ በቃጠሎው ፍጥነት ላይ ያለው ውጤት የዘንበልታውን ያህል ግልጽ አይደለም። በትንሽ ኩሬ ነበልባሉን ወደ ፈሳሹ አጠጋግቶ ትነትን ሊያፋጥን፣ ሲበረታም ነቅሎ ሊያጠፋው ይችላል። ግፊትን በተመለከተ በቻይና በላሳና በሄፌይ የተደረጉ ንጽጽሮች ሄፕቴን በከፍታ ቦታ ቀስ ብሎ እንደሚቃጠል አሳይተዋል። የኢታኖል ነበልባል በጨረር ላይ የሚደገፈው ከሄፕቴን ባነሰ መጠን ስለሆነ ያንን ውጤት በቀጥታ ማሸጋገር ተገቢ አይመስለኝም።

ከመቀጣጠሉ በፊት ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። የኢታኖል እንፋሎት ከአየር 1.6 ጊዜ ይከብዳል። ነፋስ ሲኖር ይበተናል፤ አየሩ ሲረጋ ግን በቦይና በመንገድ ዳር ጉድጓድ ይተኛል። ከእንጦጦ ወደ ሱሉልታ ሜዳ፣ ከወጨጫ ወደ ሰበታ በሌሊት ቁልቁል የሚወርደው ቀዝቃዛ አየር ዝግተኛ በመሆኑ እንፋሎቱን ሳይበትን ወደ ዝቅተኛው ሰፈር ይዞት ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ በመፍሰስ ጊዜ የሚያሰጋው ጸጥታ ነው፤ በቃጠሎ ጊዜ ነፋሱ።

ከዚህ የሚወጣው ተግባራዊ ነጥብ በዴፖና በቦቴ ዙሪያ የሚሰመረውን ክልል ይመለከታል። ክቡ ክልል የነፋስን አቅጣጫ አያይም፤ በስሌቱ መሠረት ግን ነፋሱ በሚሄድበት በኩል መርዘም አለበት። የእሳት አደጋ ሠራተኛ መቅረብ ያለበት ነፋሱን ከጀርባው አድርጎ ነው። ተራው አረፋ በኢታኖል ላይ ስለሚፈርስ አልኮል የሚቋቋም አረፋ ያስፈልጋል። ውኃ ከኢታኖል ጋር ስለሚዋሐድ ማቅጠን ይችላል፤ ይሁንና እኩል በእኩል የተቀላቀለው እንኳ በባሕር ወለል ግፊት ከ24 ዲግሪ ጀምሮ ይቀጣጠላል፤ እዚህ ደግሞ ከዚያ ባነሰ ሙቀት። ጥቂት ውኃ እሳቱን አያጠፋም፤ ኩሬውን ያሰፋዋል እንጂ።

በቀመሩ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። መጀመሪያ የተዘጋጀው ለፈሳሽ የተፈጥሮ ጋዝ እሳት ነው፤ የሚቲዎሮሎጂ ጣቢያዎች የሚለኩትም ነፋስ በ10 ሜትር ከፍታ ላይ ያለውን እንጂ በኩሬው አጠገብ ያለውን አይደለም። ቀጣዩ ሥራ በአንድ ካሬ ሜትር ትሪ ላይ፣ በሜዳማው ሱሉልታ፣ በቀትርና በንጋት፣ የነፋስ መለኪያውን በጉልበት ከፍታ ላይ አቁሞ ማዕዘኑን በሙቀት ካሜራ መለካት ነው፤ ተራ ካሜራ የኢታኖልን ነበልባል በቀን ብርሃን በአስተማማኝ ሁኔታ አይቀርጽም።