ጠበሉንም መድኃኒቱንም፦ ስለሚጥል ሕመም በአጥቢያ እንዴት እናስተምር?

ስለ አንጎል ጤና ሕዝባዊ ትምህርት ይሰጥ ሲባል ብዙ ጊዜ የሚታሰበው የሆቴል አዳራሽና የባለሙያዎች ንግግር ነው። በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ደቡባዊ ጫፍ እንደሚገኘው እንደ ፉሪ ባለ አካባቢ ግን ሕዝቡ በብዛት የሚገኘው ከቅዳሴ በኋላ በዐውደ ምሕረት ነው። የነባር ገበሬ ቤተሰብ፣ የኮንዶሚኒየም ነዋሪና ከየክልሉ ለሥራ የመጣ ወጣት በአንድነት ቆመው ይሰማሉ። (አስተማሪው ኦሮምኛም የሚናገር ቢሆን ይመረጣል።) ካህናትና የሰንበት ትምህርት ቤት አገልጋዮች ከጤና ባለሙያ ጋር ሆነው እንዲህ ያለ ትምህርት ሲያዘጋጁ በሚጥል ሕመም ቢጀምሩ መልካም ነው፤ በእጅጉ የሚፈራና የሚደበቅ፣ ነገር ግን በቀላል መድኃኒት ሊገታ የሚችል ሕመም ነውና።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በዓለም 50 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ከዚህ ሕመም ጋር ይኖራሉ፤ በአግባቡ ቢመረመሩና ቢታከሙ እስከ 70 በመቶ የሚሆኑት ሕመሙ ሳይነሣባቸው ሊኖሩ ይችላሉ። በሀገራችን ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካባቢ፣ በመስቃንና ማረቆ ገጠር ቤት ለቤት ያካሄዱት ጥናት እ.ኤ.አ. በ1990 ታትሟል፤ ከ1,000 ሰዎች በ5.2ቱ ላይ ሕመሙ መገኘቱን ያሳያል። ይህን ቁጥር ለምእመናን ስንነግር በአንድ ትልቅ አጥቢያ ውስጥ ስንት ቤተሰብ ሊሆን እንደሚችል ራሳቸው ያሰሉታል።

የሕመሙ ጠባይ በአጭሩ ይነገር። የአንጎል ሕዋሳት እርስ በርስ የሚገናኙት በረቂቅ የኤሌክትሪክ ምልክት ነው፤ ይህ ምልክት በድንገት ከልኩ ሲያልፍ ሰውየው ራሱን ይስታል፣ ይንቀጠቀጣል። ሁልጊዜ ግን መውደቅ አይኖርም፤ በክፍል ውስጥ ለጥቂት ሰከንድ ፈዝዞ የሚቀር ሕፃንም ታማሚ ሊሆን ይችላል። በወሊድ ጊዜ የደረሰ ጉዳት፣ የራስ ቅል አደጋ፣ ማጅራት ገትር ከምክንያቶቹ መካከል ናቸው፤ በግማሽ ያህሉ ሰዎች ላይ ግን ምክንያቱ አይታወቅም።

ከዚህ በኋላ የሚመጣውን ጥያቄ ሁላችንም እናውቀዋለን፦ ይህ የርኵስ መንፈስ ሥራ አይደለምን? ይህን ጥያቄ ለሐኪሙ ትቶ ዝም ማለት አይገባም፤ መልሱ የሚጠበቀው ከካህኑ ነው። ጠያቂው የሚያነሣው በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 17 ያለውን፣ ብዙ ጊዜ በእሳትና በውኃ የሚወድቀውን ልጅ ነው። በእርግጥም ጌታ ያንን ልጅ ጋኔኑን አውጥቶ ፈውሶታል። ነገር ግን ወንጌላዊው ራሱ በምዕራፍ 4 ቁጥር 24 ወደ ጌታ የመጡትን ሕሙማን ሲዘረዝር አጋንንት ያደረባቸውን ለብቻ፣ በጨረቃ የሚነሣባቸውን ለብቻ፣ ሽባዎችንም ለብቻ ይጠራቸዋል። እንግዲህ የሚወድቀውን ሁሉ ጋኔን ይዞታል ብሎ መፍረድ ወንጌል ያላለውን ማለት ነው። የእሳቱና የውኃው ነገር ደግሞ ዛሬም በዓይናችን የምናየው ነው፤ በምድጃ ላይ ወድቀው የተቃጠሉ፣ ውኃ ሊቀዱ ሄደው የሰጠሙ ብዙዎች ናቸው።

ቤተ ክርስቲያናችን ሕክምናን አትቃወምም። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምንና ከምድር የሚገኘውን መድኃኒት ያከብራል፤ ወንጌላዊው ሉቃስም ሐኪም ነበር። በቅርብ ዘመንም የኤችአይቪ መድኃኒት ከጠበል ጋር ይጋጫል በሚባልበት ጊዜ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ምእመናን ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ በይፋ አስተምረዋል። ያ ትምህርት ለሚጥል ሕመምም ይሠራል፤ በእኔ እምነት ከዚህ የበለጠ የሚያሳምን ምሳሌ ማንም ተናጋሪ አያገኝም።

እዚህ ላይ በዝርዝር መናገር ያስፈልጋል። ወደ ጠበል የሚሄድ ታማሚ መድኃኒቱን በድንገት ቢያቋርጥ ሕመሙ በተከታታይ ሊነሣበትና ለሞት ሊያደርሰው ይችላል። ስለዚህ አጥማቂው፣ «መድኃኒትህን ይዘሃል?» ብሎ ቢጠይቅ ነፍስ ያድናል። ሲጠመቅም የሚደግፈው ሰው አጠገቡ ይቁም፤ ጥልቅ ውኃ ውስጥ ብቻውን አይግባ። እንቅልፍ ማጣት ሕመሙን ይቀሰቅሳልና ሌሊቱን ሙሉ በማኅሌት መቆም ለእርሱ ግዴታ እንዳልሆነ የንስሐ አባቱ ይንገረው። ስለ ጾምም ይጠየቃል። በጤና ጣቢያ በብዛት የሚታዘዘው ፌኖባርቢታል አብዛኛውን ጊዜ በቀን አንዴ፣ ማታ የሚወሰድ በመሆኑ ከጾም ሰዓት ጋር አይጋጭም። በቀን ሁለት ጊዜ የሚወሰድ ከታዘዘለት ግን ሰዓቱን በራሱ አይለውጥ፤ ለታመመ ሰው ፈቃድ መስጠት የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ነው።

አንድ ሰው በጉባኤ መካከል ቢወድቅስ? ክብሪት ጭሮ ማሽተት አይጠቅምም። አረፋው ወይም ምራቁ ያስተላልፋል የሚባለውም ሐሰት ነው፤ ሕመሙ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ከእሳትና ከድንጋይ አርቆ፣ ከራሱ በታች ነጠላ አጥፎ ማድረግ፣ በጎኑ ማስተኛት፣ አፉ ውስጥ ምንም አለመክተት፣ በኃይል ይዞ አለመጫን፣ እስኪነቃም አብሮት መቆየት ይገባል። መንቀጥቀጡ ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳይነቃ ከደገመው ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ። ይህን በቃል ከመናገር ይልቅ አንድ ወጣት ምንጣፍ ላይ አስተኝቶ ማሳየት ይሻላል፤ እናቶች በተግባር ያዩትን ለጎረቤት ይነግራሉ።

ዓለም አቀፉ የሚጥል ሕመም ቀን በየዓመቱ በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ ሁለተኛ ሰኞ ይውላል፤ በእኛ አቈጣጠር የካቲት መባቻ ገደማ ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ከጾመ ነነዌ ወይም ከዐቢይ ጾም መግቢያ ጋር ስለሚቀራረብ ከዚያ በፊት ባለው እሑድ ትምህርቱን መስጠት ይቻላል። ሰበካ ጉባኤው በቅድሚያ በአቅራቢያው ካለው ጤና ጣቢያ ጋር ተነጋግሮ፣ ከትምህርቱ በኋላ የሚመጡ ሰዎችን በየትኛው ቀንና በየትኛው ክፍል እንደሚቀበሉ ያረጋግጥ፤ ቀኑንና የክፍሉንም ቁጥር በዕለቱ በዐውደ ምሕረት ያሳውቅ።